እየተንተባተቡ መናገር፦ ከሱቅ ደጃፍ እስከ ሥራ ቃለ መጠይቅ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው)

ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው ግቡን ከመነሻው ስለሚስት ነው። "ከነገ ጀምሮ አልንተባተብም" ብሎ ይነሳል። እስከ ረፋድ ይሳካለታል። ከዚያ አንዲት ቃል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች፤ ቀኑም በዚያው ይበላሻል። ሳምንት ሳይሞላው ወደ ዝምታው ይመለሳል።

የዚህ መመሪያ ግብ ሌላ ነው። መናገር የፈለጋችሁትን ተናግራችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ብትንተባተቡም። አዋቂን ሰው "በአንድ ወር ጨርሶ አስለቅቅሃለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ። የሚቻለው ትግሉን ማቅለል፣ ድብብቆሹን ማስቀረትና በዙሪያችሁ ያለው ሰው መጠበቅ እንዲለምድ ማድረግ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ለውጥ አይደለም።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። ሰው መዝለል የሚወደው ደረጃ 2ን ነው፤ እሱን የዘለለ ደረጃ 4 ላይ ይወድቃል። የሚንተባተበው ልጃችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጡ። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እናንተ ግን ካደጋችሁ በኋላ ድንገት የጀመራችሁ ከሆነ፣ በተለይ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ፊት ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ለነገ አትበሉ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ቀጥሎ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት ምንም ለመቀየር አትሞክሩ። ማታ ማታ እነዚህን ሦስት ነገሮች ብቻ ጻፉ፦

1. የት ተያዝኩ? ሱቅ፣ ስልክ፣ ክፍል ውስጥ፣ አባቴ ፊት።
2. እንዴት ተያዝኩ? ድምፁን እየደጋገምኩ ነው ("ደ-ደ-ደሴ")? እየጎተትኩ ነው ("ስስስስላም")? ወይስ አፌ ተከፍቶ ድምፁ ጭራሽ እምቢ ብሎ?
3. ለማምለጥ ምን አደረግኩ?

ሦስተኛውን በደንብ ጻፉት። ማኪያቶ አምሯችሁ "ሻይ" ካላችሁ ጻፉ። ወራጅ ማለት አቅቷችሁ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄዳችሁ በእግር ከተመለሳችሁ ጻፉ። ስልክ ሳታነሱ ቀርታችሁ "ቻርጅ ጨርሶብኝ ነው" ካላችሁም ጻፉ። መልሱን እያወቃችሁ "አላውቀውም" ያላችሁባት ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሰመርባት። ስትንተባተቡ ሰው ከሚሰማው ይልቅ እንዳይሰማ ብላችሁ የተዋችሁት ነው ኑሮ የሚያጠብበው።

በሳምንቱ መጨረሻ ስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል እያወራችሁ ራሳችሁን በቪዲዮ ቅዱ። ማየቱ ደስ አይልም። ብዙዎች አሥር ሴኮንድ አይተው ያጠፉታል። ለማፈር ሳይሆን ቦታ ለመፈለግ ተመልከቱት፦ የሚጠብቀው ከንፈር ነው፣ ምላስ ነው ወይስ ጉሮሮ? ዓይን ይጨፈናል? እግር መሬት ይመታል? ያገኛችሁትን ጻፉ። ደረጃ 3 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ "ጫት ስቅም ምላሴ ይፈታል" የሚል አይጠፋም። ይፈታ እንበል። ቃለ መጠይቅ ጉንጫችሁን ሞልታችሁ አትገቡ! አልኮልም ያው ነው። በሱ የለመዳችሁትን ንግግር ያለ እሱ ስታጡት ፍርሃቱ ይብሳል።

ደረጃ 1፦ አጫጭር መልሶች ያዙ

ሰው መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ማብራሪያ ለማሰብ አትጣደፉ፤ መልሱ አስቀድሞ ይኑራችሁ።

"ደንግጠህ ነው እንዴ?" ሲሏችሁ፦ "አይደለም፤ አነጋገሬ ነው።" ድንጋጤና ጭንቀት መንተባተብን ያብሱታል እንጂ አያመጡትም። አንጎል ንግግርን በጊዜው የሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ በዘርም ይወርዳል። ከብልህነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከ100 አዋቂዎች አንዱ ያህል ይንተባተባል።

"መንዙማ ስትቀበል ምንም አትል፤ መዝሙር ላይም አትንተባተብ። ሆን ብለህ ነው!" ይቺ ወሎ ውስጥ በብዛት ትመጣለች። መልሱ፦ "በዜማ ሲሆንና ከሰው ጋር አብሬ ስል አይይዘኝም። የብዙዎች እንዲህ ነው።" እውነት ነው። ዜማና ምት ያለው ድምፅ፣ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ማንበብ፣ ማንሾካሾክ፣ አብዛኛውን የሚንተባተብ ሰው ለጊዜው ይለቁታል።

"ጸበል ሞክረሃል? ዱዓ አስደርገሃል?" አመስግኑ። ካመናችሁበት ሂዱ፤ ከዚህ መመሪያ ጋር አይጋጭም። ነገሩ ከቀጠለ ደግሞ ነቢዩ ሙሴን አንሱ፤ ሙስሊሙ ሙሳ ይላቸዋል። አንደበታቸው ይከብዳቸው እንደነበር ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያስተምራል። ወንድማቸውን አጋዥ አድርገው ፈርዖን ፊት ቆመዋል። ደሴ ላይ ይህ መልስ የማይገባው ሰው አላጋጠመኝም።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ሰው በግልጽ ንገሩ

"ሁሉም ያውቃል እኮ፤ ምኑን ልንገር?" ትሉ ይሆናል። ማወቅና መነጋገር ይለያያል። ቤተሰብ እያወቀ፣ እናንተም እያወቃችሁ፣ ማንም የማያነሳው ነገር ነው ሸክም የሚሆነው።

1. ሰው ምረጡ። በየቀኑ የምታገኙት፣ ምስጢር የሚይዝ፣ ቶሎ የማይቀልድ ይሁን። አለቃችሁ ወይም የምትፈሩት ዘመድ የመጀመሪያው አይሁን።

2. ቦታ ምረጡ። ጎረቤት የተሰበሰበበት ቡና ላይ አይደለም። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለውም። ከፒያሳ ወደ አራዳ አንድ ዙር በቂ ነው።

3. ይህን በሉ። ለጓደኛ ከሆነ፦ "እንተባተባለሁ፤ ታውቃለህ። እስከዛሬ ስደብቀው ነበር፤ ከአሁን በኋላ አልደብቅም። ቃል ሲይዘኝ አትጨርስልኝ። ዝም ብለህ ጠብቀኝ።" ለአባት ወይም ለታላቅ ሰው ከሆነ፦ "አባዬ፣ ስናገር ቃል እንደሚይዘኝ ያውቃሉ። እባክዎ ቃሉን አይጨርሱልኝ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ።"

4. ይህን ስትሉ ብትንተባተቡ ደግ ነው። እንዲያውም ምን እንደሚያደርግ ወዲያው ይለማመዳል።

ነገሩ ካልሄደ፦

"ኧረ እኔ አስተውዬውም አላውቅ" ካለ፣ ለማጽናናት ነው። አትከራከሩ። "እኔ ግን አስተውለዋለሁ፤ ለዚህ ነው የነገርኩህ" ብላችሁ ልመናውን ድገሙ።

ከሳቀ፣ ዝም ብላችሁ አንድ ሁለት እርምጃ ሂዱና "የምሬን ነው" በሉ። ብዙ ጊዜ ሳቁ ድንጋጤ ነው። ሁለተኛ ከሳቀ ሰው መምረጡ ላይ ተሳስታችኋል፤ ሌላ ምረጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየሄዳችሁበት እየቀደመ ስለ እናንተ ማውራት ከጀመረ፣ "ስጠይቅህ ብቻ" በሉት። ይህ የወንድምና የእህት ደዌ ነው።

አንድ ደግሞ የእኛው አገር ጉዳይ አለ፦ "አብሽር።" ወሎዬ ሰው ሲቸገር ካየ አብሽር ሳይል አያልፍም፤ ከልቡም ነው። ቃል ይዟችሁ እያለ መሃል ላይ "አብሽር፣ አብሽር፣ ቀስ በል" ሲባል ግን ዓይን ሁሉ አፋችሁ ላይ ያርፋል፤ የያዘው ቃል የባሰ ይጠብቃል። "ተረጋጋ"ም፣ "ተንፍስ"ም፣ "አይዞህ"ም እንደዚያው። ሰውየውን አትውቀሱት። ሌላ ጊዜ፣ ሳትያዙ፣ እንዲህ በሉት፦ "አብሽርህን ከጨረስኩ በኋላ አድርገው።" ይስቃል፤ አይረሳውምም።

ደረጃ 3፦ የያዘውን ቃል መልቀቅ

ይህን በቀን አሥር ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ድምፃችሁን አውጥታችሁ የቴሌግራም ዜናም ቢሆን አንብቡ፤ ቀጥሎ ስለ ውሏችሁ ብቻችሁን አውሩ። ብቻችሁን ስትሆኑ ጭራሽ የማይዛችሁ ከሆነ ደረጃ 2 ላይ የነገራችሁትን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ቃል ሲይዝ ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፦ ይገፋል። የተጣበቀ በር ይመስል ይገፋል፤ በሩ ግን የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ሥራው መግፋትን መተው ነው። ሦስት እርከን አለው። አንዱ ሳይለመድ ወደ ሌላው አትለፉ፤ እያንዳንዱ ሳምንታት ይወስዳል።

ሀ. ከቃሉ በኋላ። ተንተባትባችሁ ቃሉን ጨርሱት። ከዚያ ቁሙ። ሁለት ሴኮንድ ያህል ዝም በሉና የጠበቀው የት እንደነበር ልብ በሉ። ያንኑ ቃል አላልታችሁ እንደገና በሉትና ቀጥሉ።

ለ. በመሃል። ቃሉ እንደያዛችሁ ጥላችሁት አትሽሹ፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁም አትጀምሩ። እዚያው ቆይታችሁ ከንፈሩን ወይም ጉሮሮውን ቀስ ብላችሁ አላሉ። ድምፁን እየሳባችሁ ውጡ።

ሐ. ከቃሉ በፊት። ሊይዛችሁ እንደሆነ ሲሰማችሁ አፋችሁን ሳታጠብቁ፣ በለስላሳው ጀምሩት።

ፊደሎቹ እኩል አይደሉም። ሰ፣ መ፣ ነ፣ ወ፣ ለ፣ ሸ የሚሳቡ ናቸው፤ "ስስ…ላም"፣ "ምም…ሐመድ" ብላችሁ መግባት ትችላላችሁ። በ፣ ደ፣ ከ፣ ተ አይሳቡም፤ ከንፈርና ምላስን በስሱ አስነክታችሁ ከኋላ ያለውን አናባቢ ሳቡ፤ "ደ…ሴ።" አስቸጋሪዎቹ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ናቸው፤ እነዚህ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች ስለሆኑ ከመነሻው ጥብቅ ናቸው። ለመሳብ አትሞክሩ። ፍንዳታውን አሳንሱና ቶሎ ወደ አናባቢው ሂዱ።

የሚሳሳቱበት ቦታ፦ ከመናገር በፊት ደረት ሞልቶ አየር መሳብ። አየሩ ታምቆ ጉሮሮን ይዘጋል። በተለመደው ትንፋሽ ጀምሩ። እግር መምታት፣ ጣት ማጮህ፣ ጭንቅላት መወዝወዝም እንዲሁ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ መንተባተቡ ይመለሳል፣ እግር መምታቱም አብሮ ይቆያል። ሁለት ዕዳ ይሆናል።

ይህ ሲለመድ አንድ እንግዳ የሚመስል ልምምድ ጨምሩ፦ ሆን ብላችሁ ተንተባተቡ። ቀላል የሆነላችሁን ቃል መርጣችሁ፣ ዘና ብላችሁ፣ "ዳ-ዳ-ዳቦ" በሉ። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ሱቅ። ሲያስፈራ የነበረውን ነገር በእጃችሁ ስታደርጉት ፍርሃቱ ይሟሽሻል። በኔ ግምት ከዚህ ደረጃ ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ደረጃ 4፦ ከቤት ውጡ

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። በቀን አንድ ይበቃል። በሰኞ ገበያ ግርግር መሃል ዋጋ ክርክር አትጀምሩ፤ እዚያ መጨረሻ ላይ ነው የሚኬደው።

ሱቅ። የማያውቋችሁ ሰፈር ሂዱና ሦስት ሱቅ ውስጥ "ስኳር ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መግዛት የለባችሁም። ባለሱቁ በምልክት እንድትነግሩት እጁን ወደ መደርደሪያ ከቀሰረ ጣታችሁን አትጠቁሙ፤ ቃሉን ጨርሱ።

ባጃጅ። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዋጋ። ከሚኒባስ ይቀላል። ከመግባታችሁ በፊት ሳይሆን ከገባችሁ በኋላ ንገሩት፤ ያን ጊዜ ጥሏችሁ አይሄድም።

የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ። ለልምምድ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ምናልባት ዳግመኛ አታገኙትም። ሐረጎን ወርዳችሁ እስክትጨርሱ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ሲመቻችሁ "እንተባተባለሁ፤ ጠብቀኝ" በሉ። አብዛኛው ሰው "የአክስቴ ልጅም እንዲህ ነው" ብሎ ወሬ ይጀምራል።

"ወራጅ አለ!" ይቺን ለብቻዋ ላንሳት፤ ስንቱ በሷ ምክንያት ቦታው አልፎበታል። ሰዓት አለባት፣ ጩኸት ትፈልጋለች፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

1. ሂሳብ ስትከፍሉ ለረዳቱ የምትወርዱበትን ንገሩት። ፊት ለፊት ስለሆነ ይቀላል። ይህ መድን ነው።
2. አንድ ፌርማታ ሲቀር ዕቃችሁን ያዙ። በመጨረሻዋ ሴኮንድ አትጀምሩ።
3. መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ድምፅ። እጃችሁን አንሱ፤ ረዳቱ ሲያያችሁ "ወ"ን ሳቡት፦ "ውው…ራጅ አለ።" ወ የሚሳብ ፊደል መሆኑ እድል ነው።
4. ከያዛችሁ አትግፉ፤ ደረጃ 3 "ለ" ላይ ያለውን አድርጉ።
5. ጎረቤታችሁ "ወራጅ አለ!" ብሎ ከጮኸላችሁ (አገራችን ነው፤ ይጮኻል) አመስግኑት። ከዚያም ራሳችሁ በሉት፤ በሩ ላይም ቢሆን።
6. ካለፈ ቀጣዩ ላይ ወርዳችሁ ተመለሱ። ሞክራችሁ ያለፈና ሳትሞክሩ ያለፈ ቦታ ደብተራችሁ ላይ አንድ አይደሉም።

ረዳቱ አነጋገራችሁን ቀድቶ ካሾፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "እንተባተባለሁ። አውርደኝ።" ስድብ አትመልሱ፤ ሲናደዱ ምላስ ይብሱን ይታሰራል፣ ክርክሩም በናንተ ቃል አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ከተሳፋሪው መሃል አንዲት እናት ተነስታ ልኩን ትነግርላችኋለች።

ስልክ። ችግሩ ዝምታው ነው። እናንተ "ሄሎ" ላይ ተይዛችሁ ወዲያ ያለው ሰው "ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም" ብሎ ይጠረቅመዋል። ኔትወርክ የሚወቀስበት አገር ውስጥ ዝም ያለ ስልክ ዕድል የለውም። ስለዚህ፦ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሙሉ ንግግሩን ከጻፋችሁ ታነባላችሁ፣ ጥያቄ ሲመጣም ትደናበራላችሁ። እንደተነሳ የሚሳብ ድምፅ አሰሙ፤ "እእ…" ቢሆንም ሰው እንዳለ ያሳያል። ቀጥሎ፦ "እንተባተባለሁ፤ አይዝጉት።" ለልምምድ 994 ደውላችሁ ስለ ኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ጠይቁ። በአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ግን ልምምድ የለም።

የቢሮ መስኮት። "ስም?" ከሁሉ የሚከብደው የራስ ስም ነው። ማኪያቶን በሻይ መለወጥ ይቻላል፤ ስም ግን ምትክ የለውም። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ጸሐፊዋ ብዕሯን ይዛ ቀና ትላለች፣ እናንተ ከንፈራችሁ ተገጥሟል። "ስምህን ረሳኸው እንዴ?" ይህን ያልተባለ የሚንተባተብ ሰው ያለ አይመስለኝም። መልሱ፦ "አልረሳሁም፤ እየተንተባተብኩ ነው።" ከዚያ ስማችሁን ጨርሱ። መታወቂያችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ግን ቀድማችሁ አታቀብሉ። ሙከራው ካልሆነ ያን ጊዜ ስጡ። የውሸት ስም ግን በጭራሽ። ወረፋ ላይ "አሊ" ተብላችሁ ተመዝግባችሁ መታወቂያችሁ "ጀማል" ሲል መገኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ደህና ስትሄዱ ቆይታችሁ ድንገት የባሰበት ሳምንት ይመጣል። መንተባተብ ጠባዩ ነው፤ ይጨምራል ይቀንሳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም፣ ሐዘን ያብሱታል። ያን ሳምንት አዲስ ነገር አትሞክሩ። አንድ እርከን ዝቅ በሉና ሱቅ ላይ ቆዩ፤ ዜሮ ግን አታድርጉት።

ደረጃ 5፦ ክፍልና ሥራ

ተማሪ ከሆናችሁ በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩን ለብቻ አግኙት። ከሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ በወረቀት ስጡት። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በረድፍ ተራ አታስነብበኝ፣ ጊዜ ጨምርልኝ፣ ሰው ሲስቅ አትለፈው። በረድፍ ማስነበብ ለምን ክፉ ነው? ልጁ ወንበሮቹን ቆጥሮ የሱ አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ያገኛል፤ እዚያች ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ሌሎቹ ያነበቡትን አንድ ቃል አልሰማም። መምህሩ ሁለት ሁለት አድርጎ እኩል ቢያስነብብ ነገሩ ይቀላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የቃል ስላልሆነ በዚያ አትጨነቁ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ፕሬዘንቴሽን ይጠብቃችኋል። "ይለፈኝ" አትበሉ። አንዴ ካለፋችሁ እስከ ምረቃ ያልፋችኋል፤ ሥራ ላይ ግን አያልፍም። ደቂቃ አስጨምሩ፣ መጀመሪያ ልቅረብ በሉ፤ መጠበቁ ነው የሚገድለው።

ለቃለ መጠይቅ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሁን ሌላ ቦታ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ይህን አስቀድሙ፦ "ከመጀመሬ በፊት፣ እንተባተባለሁ። አንዳንድ ቃል ጊዜ ይወስድብኛል፤ ጥያቄው ጠፍቶኝ አይደለም።" ይቅርታ አትጠይቁበት። ካልነገራችኋቸው ዝምታችሁን "አያውቅም" ብለው ነው የሚተረጉሙት። ጠያቂው ሰዓቱን ካየ፣ ፈጣን ለመሆን መልሱን አታሳጥሩ፤ አሳጥራችሁ የሰጣችሁት መልስ ነው ነጥብ የሚያስቀንሰው።

ደረጃ 6፦ የሚንተባተበው ልጃችሁ ከሆነ

ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ የሆነ ጊዜ ላይ ይንተባተባሉ። አብዛኞቹን፣ ከ4ቱ 3ቱን ያህል፣ በጊዜ ሂደት ይለቃቸዋል። ወላጅ አላመጣውም፤ ማባበልም ቁጣም አላመጣውም።

ቤት ውስጥ፦

1. ልጁን "ቀስ በል" ከማለት ራሳችሁ ቀስ በሉ። ጨርሶ ሲያበቃ ለአፍታ ቆይታችሁ መልሱ።
2. በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ለእሱ ብቻ ስጡት። ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ስልክ ተቀምጦ፣ ወንድሞቹ ሳያቋርጡት።
3. ያለውን እንጂ አባባሉን አትከተሉ። ስለ ውሻ ካወራ "ውሻው ምን አደረገ?" በሉ።
4. እንግዳ ሲመጣ "ና ግጥም በልላቸው" አትበሉት፤ ራሱ ካልፈለገ በቀር።
5. ካነሳው አትደብቁ። "አንዳንድ ቃል ያስቸግርሃል አይደል? እኛ እንጠብቅሃለን" ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ አታስደንግጡት፣ አትምቱት፣ አነጋገሩን እየቀዳችሁ አታሹፉበት። "ምላሱ ታስሮ ነው" ብሎ የምላስ ሥር ወይም እንጥል የሚቆርጥ ሰው ጋ በጭራሽ አትውሰዱት። መንተባተብ የምላስ ሥር ችግር አይደለም። መድማትና ኢንፌክሽን ብቻ ነው የምታተርፉት። በክኒን ይለቀዋል የሚላችሁም ቢኖር ለመንተባተብ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም።

ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ በቤተሰብ ውስጥ ያልለቀቀው ሰው ካለ፣ ልጁ ሲናገር ፊቱ የሚጨማደድ ወይም ማውራት የተወ ከሆነ አትጠብቁ። ትምህርት ሳይጀምር ቢታይ ይመረጣል። በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ተቋም በኩል ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጆሮው ይመርመር፣ ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ ሪፈር ይጻፍልን። ባለሙያዎቹ በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ በቪዲዮ ስልክ መከታተል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሲንተባተብ በስልክ ቀድታችሁ ያዙ። ሐኪሙ ፊት ልጁ እንደ ውሃ ማውራቱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ "ምንም የለበትም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሌላ የሚንተባተብ ሰው ፈልጉ

ብቻውን ይህን ሁሉ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። ሁለት ሰው ከተገኘ ቡድን ነው። ሰው ለማግኘት ደረጃ 2 ላይ የነገራችሁትን ሰው ጠይቁት፤ የሚያውቀው አይጠፋም። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፤ ድምፅ መላክ ዋናው፣ ጽሑፍ ትርፍ ይሁን። ስብሰባውን ለማስጀመር በዓለም ዙሪያ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን የሚከበርበትን ጥቅምት 12 (በአንዳንድ ዓመት 11) መጠቀም ትችላላችሁ።

ካፌ ሙዚቃ አለው፤ ቤት ቡና ይሻላል። ሰዓቱን ቡናው ይመራላችኋል፦

በአቦል እያንዳንዱ ስሙንና ሳምንቱን ይናገራል። የፈለገውን ያህል ይፍጅ።

በቶና ልምምድ ነው። አንዱ ስልክ ይደውላል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ወይም አንዱ መስኮት ላይ ያለች ጸሐፊ ይሆናል፣ ሌላው ስሙን ይናገራል።

በበረካ እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚያደርጋትን አንዲት ነገር ይናገራል። ማኪያቶ ማዘዝም ይሆናል።

ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፦ የሰው ቃል አይጨረስም፤ ሳይጠየቁ ምክር የለም። ሁለተኛውን ማስከበር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ እያንዳንዳችን የራሳችን መድኃኒት አለንና። ምክሩን የጀመረ ቡና ያፈላል ብላችሁ ተስማሙ።

መጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር የሚሄድ ሰው ካለ አታስጨንቁት፤ ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ ላይ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን ማንም ካልመጣ ቀኑንና ሰዓቱን አትቀይሩ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቤት እንደገና ጥሩ። ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ሲመለስ ቦታው ተቀይሮ ማግኘት የለበትም።